«ቁም»፣ «ሐረግ»፣ «አንቀጽ»፦ የመጽሐፍን ገጽ ስለምንሰይምባቸው ቃላት

ስለ ፋርስ መጻሕፍት የጽሕፈት ጥበብና የገጽ ጌጥ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አንድ አጭር መግለጫ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። መግለጫው የሚናገረው ከመጽሐፉ ተለይቶ ለብቻው ስለ ቀረበ አንድ ቅጠል ነው። በላዩ ግጥም በሰያፍ ተጽፎበታል፤ ራስጌው በወርቅና በሰማያዊ ቀለም ተሞልቷል፤ ዙሪያውን አበባና ቅጠል ይጥመለመልበታል። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ መስሎ ስለ ታየኝ ብዙ ሳላወጣ ሳላወርድ እንዲህ ብዬ መለስሁት፦ «በነስተዕሊቅ ቁም ጽሕፈት የተጻፈ፣ ራስጌው ያበራ፣ ኅዳጉ ያጌጠ የብራና ገጽ»። ዐረፍተ ነገሩ ለጆሮ አይጎረብጥም፤ ያረመውም ሰው አልነበረም። ቆይቼ ሳነበው ግን ከስያሜዎቹ መካከል በትክክል ቦታው ላይ የተቀመጠው «ኅዳግ» የሚለው ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ይህ ትችት በመጀመሪያ የሚያነጣጥረው በራሴ ትርጉም ላይ ነው። ይሁን እንጂ ስሕተቱ የተፈጠረው በቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን የመጽሐፍን ገጽ የሚመለከቱ ሙያዊ ቃሎቻችን ከነፍቻቸው ተለቅመው በአንድ ቦታ ባለመገኘታቸው ጭምር ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ሌሎች ተርጓሚዎችንና መዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ሳይመለከት አይቀርም።

ቀላሉን ስሕተት አስቀድሜ ላንሣ። የፋርስ ጸሐፍት በነስተዕሊቅ የጻፉት በወረቀት ላይ ነው እንጂ በብራና ላይ አይደለም። ወረቀቱ ሙጫነት ባለው ፈሳሽ ተለቅልቆ በለስላሳ ድንጋይ እየተፈተገ ይወለወል ስለ ነበር ብርዑ ሳይሰናከል ይንሸራተትበታል። በእንግሊዝኛው የሚገኘው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በእጅ የተጻፈ» ከማለት አያልፍም። እኛ ግን ከማተሚያ መኪና በፊት የነበረውን መጽሐፍ ሁሉ «የብራና መጽሐፍ» ማለትን ስለ ለመድን የተጻፈበትን ነገር የአጻጻፉ ስም አድርገነዋል። ይህ ልማድ ስለ ፋርስ ሲነገር ብቻ የሚያሳስት አይደለም፤ በሐረር በእጅ የተጻፉትን ቁርኣኖችና ሌሎች ኪታቦችም ከስያሜው ውጭ ያስቀራቸዋል፤ እነርሱም የወረቀት ናቸውና። «የእጅ ጽሑፍ» ለጠቅላላው፣ «የብራና መጽሐፍ» ለብራናው ቢደለደል ችግሩ ይወገዳል።

«ያበራ» የሚለውም ቢሆን ብዙ አያከራክርም። አውሮፓውያን በወርቅና በደማቅ ቀለም የተሸለመን ገጽ ከ«ብርሃን» በወጣ ቃል ይጠሩታል፤ ፋርሶች ደግሞ ከዐረብኛው «ወርቅ» ከሚለው ቃል በተገኘው «ተዝሂብ» ይጠሩታል። የፋርሱ ስያሜ ሥራውን በግልጽ ስለሚናገር «ወርቅ መቀባት» ብሎ መመለስ ይበቃል። በግእዝ የብራና መጻሕፍት ወርቅ እጅግ ብርቅ በመሆኑ በቁም ጸሐፊዎቻችን አንደበት ለዚህ ሥራ ተለይቶ የቆመ ስም ባናገኝ አያስደንቅም። ለሌለን ነገር ስም አለመኖሩ ጉድለት አይባልም። ጉድለት የሚሆነው ባዕዱ ቃል የተሠራበትን ምሳሌ ቃል በቃል ገልብጠን «ያበራ ገጽ» ስንልና አንባቢያችን ከገጹ ላይ መብራት እንዲፈልግ ስናደርገው ነው።

ዋናው ነገር «ቁም» የሚለው ቃል ነው። «ነስተዕሊቅ» ከሁለት የጽሕፈት ስሞች፣ ከ«ነስኽ»ና ከ«ተዕሊቅ» የተጣመረ ነው፤ «ተዕሊቅ» ደግሞ ማንጠልጠል፣ መስቀል ማለት ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) እንደ ተሠራ የሚነገርለትና ልማዱ ለሚር ዐሊ ተብሪዚ የሚሰጠው ይህ ስልት ቃላቱን ከቀኝ ወደ ግራ ቁልቁል እያንሸራተተ በመስመሩ ላይ ያንጠለጥላቸዋል። እኔም ይህንኑ የተንጠለጠለ ጽሕፈት «ቁም ጽሕፈት» አልሁት። የተሰቀለ ነገር ቆመ ማለት ነው። ስሕተቱ ቢያስቅም፣ ወደ እርሱ የመራኝ ግን «ቁም ጽሕፈት» የሚለውን ስያሜ ውብ አጻጻፍ ለሚለው ባዕድ ጽንሰ ሐሳብ ቀጥተኛ አቻ አድርጎ የመውሰድ ልማድ ነው። የባዕዱ ቃል ሥርው ግሪክኛ ሲሆን የተመሠረተው በ«ውበት» ላይ ነው። የእኛው የተመሠረተው በምን ላይ ነው? ይህን ለመመለስ ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ወደ ዜማ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለዚህ ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ የቀረቡ ናቸው። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት መምህራን የሚመሰክሩበት ቦታ ነው፤ የቆማ ዜማ ስሙን ያገኘበት ቆማ ፋሲለደስ የሚገኘው በእስቴ ነው። ስማዳ በእነዚህ መካከል ሆኖ እስከ በሽሎና ዓባይ ይወርዳል። በመላው ኢትዮጵያ ከሚታወቁት የዜማ ስልቶች መካከል ሁለቱ፣ ቤተ ልሔምና ቆማ፣ ስማቸውን የወሰዱት ከእነዚህ ወረዳዎች መሆኑ ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ተራ ነገር አይደለም። (በነገራችን ላይ «ቤተ ልሔም» በየቤተ ክርስቲያኑ ኅብስት የሚጋገርበት ቤት ስም ስለ ሆነ፣ «ቤተ ልሔም ገባ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ዲያቆኑን ወደ ምድጃ ወይም ደቀ መዝሙሩን ወደ ጋይንት እንደሚወስድ የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። መዝገበ ቃላቶቻችን ሁለቱን በየራሳቸው ተራ ቁጥር ሊለዩአቸው ይገባል።)

«ቁም» በዚህ ዓለም ብቻውን የሚኖር ቃል አይደለም። ሕፃኑ ፊደል ለይቶ ግእዝና ውርድ ንባብ ካለፈ በኋላ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል፤ ይህም ቃላቱን ሳያንጠባጥብና ሳይጎትት፣ መነሻውንና መውደቂያውን ጠብቆ የሚያነበው ሙሉው ንባብ ነው። በአቋቋም ቤት ደግሞ ቁም ዜማ ይቀድማል፤ ዝማሜው፣ መረግዱና ጽፋቱ የሚከተሉት ከእርሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ቁም ዜማ ጭማሪ ያልተደረገበት፣ ሌላው ሁሉ የሚመሠረትበት ዜማ ነው። በተራው አማርኛ «ቁም ነገር» የምንለውም ከዚህ አይርቅም። በ«ቁም ሣጥን» ቃሉ ወደ ቀጥተኛ ፍቹ ይመለሳል። እነዚህን ጎን ለጎን ስናኖራቸው «ቁም ጽሕፈት» ማለት «ውብ ጽሕፈት» ሳይሆን ሙሉ፣ የተረጋ፣ እያንዳንዱ ፊደል በእግሩ የቆመበት ጽሕፈት ማለት ሆኖ ይታያል። ውበቱ በስያሜው ውስጥ የለም፤ ቢመጣ ከመቆሙ ተከትሎ የሚመጣ ነው። ቁም ጸሐፊም ሲመሰገን በቅድሚያ የሚመሰገነው ፊደሉ ባለመጋደሙ፣ ካዕቡና ሣልሱ ባለመሳከሩ፣ የኃምሱ ቀለበት ባለመደፈኑ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት ቀላል አይደለም። «ቁም ጽሕፈት»ን የፋርስ፣ የቻይና ወይም የላቲን የአጻጻፍ ጥበብ ሁሉ ስም ካደረግነው ቃሉን ከ«ቁም ንባብ»ና ከ«ቁም ዜማ» ወንድሞቹ እንለየዋለን፤ በምትኩም የሚሰጠን ትክክለኛ ያልሆነ አቻ ቃል ነው። ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «የጽሕፈት ጥበብ» አለን፤ አዲስ ቃል መፍጠርም ሆነ መዋስ አያስፈልግም። ቁም ጽሕፈት ለግእዝ ፊደል ይጠበቅ። በውስጡም ቁም ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ያወጡት ክፍፍል አለ፤ «ጉልሕ»ና «ረቂቅ» የተባሉት። ሲግበርት ኡሊግ በ1988 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ባሳተሙት የግእዝ የጽሕፈት ታሪክ «ጉልሕ»ን የጎንደር ዘመን ትልቅ ጽሕፈት መጠሪያ አድርገው ከነድምፁ ወስደውታል። የባዕዱ ሊቅ ቃላችንን ሳይተረጉም ሲወስድ እኛ የራሳችንን ቃል ለሌላው ጽሕፈት ማደላችን ትዝብት ላይ የሚጥል ነው።

ወደ ድጓው ገጽ ልመለስ፤ የጽሕፈትና የጌጥ ክፍፍል ፈጽሞ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነውና። ድጓ የሚጻፈው በረቂቅ ነው። መስመሮቹ ተራርቀው ይሰመራሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ባዶ ቦታ ግን ባዶ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ ከፊደሉ ይልቅ የረቀቀው የዜማ ምልክት ይገባበታል። ትውፊቱ ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። የምልክቶቹ ስሞች ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥ ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር ከታወቀ ዜማ ላይ ተቆርጠው የተወሰዱ አንድና ሁለት ፊደሎች ለአዲሱ ቃል መሪ ሆነው ይጻፋሉ። እንግዲህ ብራናውን በወስፌ እየወጋ መስመሩን የሚያሰምረው ሰው፣ ገና አንድ ፊደል ሳይጽፍ፣ ለድምፅ የሚሆን ቦታ እያሰናዳ ነው። የቤተ ልሔም ደቀ መዝሙር የራሱን ድጓ በእጁ ጽፎ ምልክቱን ማኖሩ የትምህርቱ ክፍል የሆነውም ስለዚሁ ነው፤ ዐይኑ፣ እጁና ጉሮሮው አብረው ይፈተናሉ።

ይህን ገጽ «በምልክት ያጌጠ» ብንለው እንሳሳታለን። «ጽሕፈትና ምልክት ያለበት» ብለን ሁለቱን ብንነጥላቸውም አልተሻልንም። የምልክቶቹን ስሞች እንመርምራቸው፤ ጭረት ከጫረ፣ ድፋት ከደፋ፣ ቍርጥ ከቈረጠ፣ ሂደት ከሄደ፣ ይዘት ከያዘ የወጡ ናቸው። ጭረት በብራናው ላይ የብርዑ ጭረት ነው፤ በጉሮሮም የድምፁ ጭረት ነው። አንዱ ስም የእጅንና የድምፅን እንቅስቃሴ በአንድነት ይጠራል። ሊቃውንቱ ደግሞ ስምንቱን ከሕማማተ ክርስቶስ ጋር አያይዘው ሦስተኛ ፍች ይሰጧቸዋል፤ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ፣ ጭረት የግርፋቱን ሰምበር ያስታውሳል። እንዲህ ያለውን ቃል በካርድ ላይ ለሚያሰፍረው ሰው «የዜማ ምልክት ዐይነት» ብሎ ማለፍ ከሥራው ግማሹን መተው ነው።

ለቋንቋ አጥኚዎች ደግሞ ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። «ይዘት»ና «ሂደት» ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ በየመማሪያ መጽሐፉ የምናገኛቸው ቃላት ናቸው። «ሐረግ» በሰዋስው ከቃል የሚበልጥና ከዐረፍተ ነገር የሚያንስ ክፍል ስም ሆኗል። «አንቀጽ» የሕግ ድንጋጌና የጽሑፍ ክፍል፣ «ዐምድ» የጋዜጣ ክፍል፣ «ምዕራፍ» የመጽሐፍ ክፍል ናቸው። ከእነዚህ መካከል የትኛው ከሊቃውንቱ ዘንድ በቀጥታ እንደ ተወሰደና የትኛው ከተራው ግሥ እንደ አዲስ እንደ ወጣ እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር ይገባል፤ መልክ መመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም አዲሱ ፍች እየገነነ ሲሄድ የቀድሞው ፍች ከመዝገበ ቃላቱ እየወጣ መሆኑ አያጠራጥርም። ዛሬ አንድን ተማሪ «ሐረግ ምንድን ነው?» ብንለው ስለ ስማዊ ሐረግና ስለ ግሣዊ ሐረግ ይነግረናል፤ ምናልባት ስለ ዘር ሐረግ ይጨምር ይሆናል። ስለ መጽሐፍ ሐረግ የሚነግረን ግን ስንቱ ነው?

የመጽሐፍ ሐረግ በገጽ ራስጌ፣ አንዳንድ ጊዜም በጎንና በዐምዶች መካከል የሚወርድ፣ በቀለም የተሞሉ ድርብ መስመሮች እርስ በርስ እየተላለፉና እየተቋጠሩ የሚሠሩት ንድፍ ነው። በተለይ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መባቻ ከተጻፉት መጻሕፍት፣ በትግራይ ከጉንዳ ጉንዶ ገዳም እንደ ተገኙት ካሉት፣ ሥራው ምን ያህል ረቅቆ እንደ ነበር ይታያል። የውጭ አገር የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ለዚህ ንድፍ በቋንቋቸው አቻ አጥተው «ሐረግ» የሚለውን ቃል እንዳለ ወስደውታል፤ አሁን የዓለም አቀፍ ሙያዊ ቃል ነው። የእኛው ተርጓሚ ግን ያንኑ የውጭ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመልስ ቃሉ የራሱ መሆኑን ዘንግቶ «የገጽ ማስጌጫ» ሲል እናገኘዋለን። እኔም ያልሁት «ያጌጠ» ነው፤ የተሻለ ቃል በእጄ እያለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት መገጣጠም አለ። የእኛ ሐረግ በስሙ ተክል ቢሆንም በመልኩ ብዙ ጊዜ ቅጠልም አበባም የለውም፤ የተጠላለፈ ገመድ ይመስላል። የፋርስ ገጽ ጌጥ ደግሞ ግንዱ የሚጥመለመል፣ ቅጠል የሚያወጣ፣ አበባ የሚፈካበት እውነተኛ ሐረግ ሆኖ ሳለ ስሙ የተክል ስም አይደለም፤ አንደኛው ዐይነት «ኢስሊሚ» ሲባል ከእስልምና ጋር፣ ሁለተኛው «ኸታኢ» ሲባል ከቻይና አገር ጋር ተያይዞ ይጠራል። ስለዚህ የፋርሱን ጌጥ በአማርኛ «ሐረግ» ብንለው ከግእዙ ይልቅ ለፋርሱ ሊስማማው ነው! ይህን አቻ ለመቀበል የማመነታ ባልሆንም አንድ ጥንቃቄ እጨምራለሁ፤ በሙያዊ ጽሑፍ ላይ «የፋርስ ሐረግ» ተብሎ አገሩ ይጠቀስ እንጂ ብቻውን «ሐረግ» አይባል። ብቻውን ሲቆም የግእዙን መጽሐፍ ሐረግ ይጥራ።

ሐረግ በተለይ የሚገኘው በመጽሐፉ መክፈቻና በየታላላቁ ክፍል መነሻ ላይ ነው። ይህ ቦታው ከ«አንቀጽ» ጋር ያገናኘዋል። በግእዝ አንቀጽ በር ነው፤ «አንቀጸ ብርሃን» የብርሃን በር እንደ ሆነ የማያውቅ የቅኔ ተማሪ የለም። ዐምድ የቤት ምሰሶ ነው። ምዕራፍ መንገደኛ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ገጽ ፊት ነው። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትና በራዲዮካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ውስጥ የተመደቡት ወንጌሎች በመክፈቻቸው የአራቱን ወንጌላውያን ንባብ የሚያነጻጽረው ሰንጠረዥ በተሣሉ ዐምዶች መካከል፣ በቅስት በሮች ሥር ተጽፏል፤ ዐምድና አንቀጽ በእነርሱ ዘንድ ቃል ብቻ ሳይሆኑ ለዐይን የሚታዩ ናቸው። እንግዲህ የአገራችን ገጽ በስያሜው በኩል ሲታይ ከፊሉ ቤት፣ ከፊሉ ተክል ነው፤ አንባቢው በበር ገብቶ በምሰሶዎች መካከል እያለፈ በማረፊያው ያርፋል፤ ቅጠል ይገልጣል፤ ሐረግ ከበሩ ላይ ይወጣል። «ጽሕፈት»ና «ጌጥ» የሚለው ጥንድ ይህን ሁሉ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ከባዕድ የተወሰደው ክፍፍል ስሕተት ነው አልልም፤ ለፋርሱ ገጽ፣ ጸሐፊው አንድ ሰው፣ ወርቅ ቀቢው ሌላ ሰው፣ ሠዓሊው ሦስተኛ ሰው ሆነው በንጉሥ የመጽሐፍ ቤት ይሠሩ ለነበሩበት፣ በሚገባ ይስማማል። ለድጓው ግን አይስማማም።

ስለ ቀይ ቀለምም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። በብራና መጻሕፍት የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም፣ የመክፈቻ መስመሮች፣ ብዙ ጊዜም የመጽሐፉ ባለቤት ስም በቀይ ይጻፋሉ። በገጹ ላይ ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን ቀዩ የማዕርግ ምልክት ነው። ቀይ ቀለምን ከጌጥ ተራ የሚመድብ ገላጭ፣ በንግግር ላይ «አቶ»ንና «እሜቴ»ን ከጌጥ እንደሚቆጥር ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ሳይለቀም ቀረ? አንዱ ምክንያት ስለ መጻሕፍታችን የመጀመሪያዎቹ ሰፊ መግለጫዎች የተጻፉት መጻሕፍቱ ከቁም ጸሐፊዎቹ ከራቁ በኋላ መሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፋቸውን እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መቅደላ ከወደቀ በኋላ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ካታሎግ ገለጿቸው። ራይት ንባቡን መርምረው፣ መጠኑን ለክተው፣ የዐምዱንና የመስመሩን ቍጥር ጽፈው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ነገር ግን «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ተብሎ የሚጠየቅ ቁም ጸሐፊ በለንደን አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሥራ ሲካሄድ ደግሞ ባለሙያው በአገሩ ነበረ፤ ፊልሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነበር። በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍት ንባባቸው ከጥፋት ዳነ፤ ቀይና ጥቁሩ፣ የሐረጉ ቢጫና አረንጓዴ ሁሉ ግን ግራጫ ሆነው ወጡ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረባቸው ያዘጋጇቸው ካታሎጎች በንባብ በኩል ተወዳዳሪ የላቸውም፤ በሐረግ በኩል ግን ከፊልሙ ያልተገኘውን ሊሰጡ አይችሉም።

እንግዲህ የቀረው መንገድ ከአፍ መልቀም ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብራና የሚፍቁ፣ ጥላሸት በጥብጠው ቀለም የሚያወጡ፣ መቃ የሚቀርጹ፣ የሚጠርዙና የሚደጉሱ እጆች እየተመናመኑ ነው። ማተሚያ ቤት የታተመውን ድጓ ካቀረበ ወዲህ በእጅ የሚጽፈው ሰው የሚጽፈው በልምድና በፍቅር እንጂ በግድ አይደለም። ለቀማው ወደዚያ ሲሄድ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ይዞ «ለዚህ አቻው ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጀምር አልመክርም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ትሑት መምህርን ጠያቂውን ለማስደሰት ሲሉ ያልነበረ ቃል እንዲፈጥሩ ያደርጋቸዋል፤ እኛም ፈጠራውን እንደ ነባር ቃል መዝግበን እንመለሳለን። ይልቁን አንድ ድጓ ተዘርግቶ፣ ከወስፌው ቀዳዳ እስከ ማኅደሩ ማንገቻ ድረስ የእያንዳንዱ ነገር ስም፣ እያንዳንዱን ነገር የሚሠራው ግሥና ግሡ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ ቢጠየቅ ይሻላል። ስም ብቻ ለቅሞ ግሡን መተው የብዙ የሙያ መዝገበ ቃላት ደዌ ነው። ብራና ይፋቃል፤ ቀለም ይበጠበጣል፤ ብርዕ ይቀረጻል፤ መስመር ይሰመራል፤ ጥራዝ ይጠረዛል፤ ሐረግስ? ይሣላል፣ ይጻፋል ወይስ ሌላ ግሥ አለው? «ይጻፋል» ከተባለ ከላይ የተነሣው ክርክር በአንድ ግሥ ይወሰናል ማለት ነው።

የራሴን ዐረፍተ ነገር እስከዚያው እንዲህ አርሜዋለሁ፦ «በወረቀት ላይ በነስተዕሊቅ ስልት የተጻፈ፣ ራስጌው ወርቅ የተቀባ፣ ኅዳጉን የፋርስ ሐረግ የሚዞረው፣ ከመጽሐፉ የተነጠለ ቅጠል»። «ገጽ» የሚለውን በ«ቅጠል» የተካሁት በፈሊጥ አይደለም። ቅጠል ሁለት ገጽ አለው፤ ከመጽሐፍ ተቆርጦ የሚሸጠውና በመስታወት የሚሰቀለው ቅጠሉ ነው፤ ለተመልካች የሚታየው ገጹ ነው። የሻህ ተህማስብ ሻህናማ የተባለው ታላቅ የፋርስ መጽሐፍ 258 ሥዕሎች ነበሩት፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ባለቤቱ ቅጠል በቅጠል በትኖታል። ከእኛም መጻሕፍት እንዲሁ ሥዕላቸው እየተቆረጠ የወጣ አለ። «የሚያምር ገጽ» የሚለው መግለጫ መቀሱን ይሸፍነዋል፤ «የተነጠለ ቅጠል» የሚለው አይሸፍነውም።

በመጨረሻ ስለ ፊደሉ። በመዝገበ ቃላቱ ካርድ ራስ ላይ ቃሉ በሐመሩ «ሐ» ይጻፍ። በብዙ ሰው አንደበት «አረግ» ተብሎ ስለሚሰማ፣ ወደ ላይ መውጣት ከሚለው ከ«ዐረገ» ጋር አያይዘው «ሐረግ የተባለው ስለሚያርግ ነው» የሚሉ አሉ። ለሰባኪ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለሥርወ ቃል ግን አይሆንም፤ ሁለቱ ግእዝ ላይ በመጀመሪያ ፊደላቸው ይለያያሉ። በካርዱ የፍች ተራ ላይም የጠመጠመው ተክል አንደኛ፣ የመጽሐፉ ሐረግ ሁለተኛ፣ የዘሩ ሐረግ ሦስተኛ፣ የሰዋስው ሐረግ አራተኛ ሆነው ቢቀመጡ፣ የተክሉም ምሳሌ የአዞ ሐረግ ቢሆን እመርጣለሁ።